ብርድ እንዳይገባው

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ሣሎኑ ግን አሁንም ወንበር እንዳጠረው ነው። ጡረታ የወጡት ሾፌር ጎረቤት ማንንም ሳያስቸግሩ ጥግ ላይ ያለ፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ትልቅ ሣጥን መርጠው ተደላድለዋል። ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «አርባ ዓመት ለሰፈሩ ሁሉ ወንበር ሲሠራ ኖሮ ለራሱ ለቅሶ የሚሆን አላስቀረም» አሉ። ለቅሶ ደራሹ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። ሟቹ አናጺ ቢሰማ እሱም ይስቅ ነበር፤ በራሱ ላይ የሚቀለድ ቀልድ ይወዳል።

ልጁ ብቻ አልሳቀችም። ከባሕር ማዶ የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ሲታመም አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለላትም። በየእሁዱ ስትደውል «እንደ ብረት ነኝ» ይላታል፤ አክስቷ ደግሞ ከጀርባ ሆና «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ትላለች። አብራው የኖረችው አክስቷ ናትና ልጅቱ ንዴቷን ሁሉ እሷ ላይ አሳረፈችው። «ከሻይና ከውሃ ሌላ ከእኔ ጋር ወሬ የላትም» ብላ አክስትየዋ ለጎረቤት አንሾካሹካለች። እውነቷን ነው።

ሌላው ችግር ምስማር ነው። ምስማር የአናጺው ውሻ ነው፤ ሲመጣ ቀጥኖ አጥንቱ ይቆጠር ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። ጌታው ከሞተ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። አክስትየዋ ልጇ ቤት ልትገባ ነው፤ እዚያ ሕንፃ ላይ ውሻ አይፈቀድም። ልጅቱ ልትወስደው ብትፈልግም የምትኖርበት አገር ያለ ክትባት፣ ያለ ደም ምርመራና ያለ ሦስት ወር ጥበቃ እንደማያስገባው ተነግሯታል። በረራዋ ደግሞ ቅዳሜ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ። ሾፌሩ ግቢያቸው ውስጥ አስረው ሊያኖሩት ቃል ገብተዋል። ምስማር በዕድሜው ገመድ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ምስማርን የሚያክመው የእንስሳት ሐኪም መጣ። ሰውን ሁሉ አጽናንቶ ሲያበቃ ሾፌሩን በትሕትና ከመቀመጫቸው አስነሣና ብርድ ልብሱን ገፈፈው። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ተልጎና ተወልውሎ የሚያበራ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ፊት ለፊቱ የብረት ፍርግርግ በር አለው። ምስማር ከተኛበት ተነሥቶ ገባ፣ ውስጡ አንዴ ዞረና ተኛ።

«እንዲለምደው በየቀኑ እዚያ ውስጥ ነበር የሚያበላው» አለ ሐኪሙ፣ ከኮቱ ፖስታ እያወጣ። «አባትሽ የምርመራ ውጤቱን ይዞ ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣው። ክትባቱ፣ ደሙ፣ ጥበቃው፣ ሁሉም አልቋል። የቀረው የጤና ወረቀት ነው፤ እሱን ነገ እፈርምልሻለሁ። ቅዳሜ ይዘሽው ትሄጃለሽ።»

ልጅቱ ፖስታውን ተቀበለች፤ አልከፈተችውም። የእሁድ ስልኮቹ አንድ በአንድ መጡባት። «በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል? መንገድ ላይ ውሃ ይሰጣሉ? ሰማይ ላይ ይበርዳል ወይ?» ይላት ነበር። ስድስት ዓመት «ናልኝ» ብላ ስትለምነው ቆይታ፣ በመጨረሻ ልቡ ራራልኝ ብላ ነበር። አልጋ ገዛችለት። ወፍራም ካፖርት ገዝታ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለችለት። ለካ ያ ሁሉ ጥያቄ ለውሻው ኖሯል። በሰው ፊት አፏን ይዛ አለቀሰች፤ በአንድ ውሻ ቀንታ አለቀሰች።

ሐኪሙ አጠገቧ ተቀመጠ። «እኔም ጠይቄዋለሁ፤ ለምን አትነግራትም ብዬ። ‹ብነግራት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። እኔ እንደማልደርስላት አውቀዋለሁ፤ ስትጠብቀኝ የኖረችው ልጅ በሯን ስትከፍት ባዶ እንዳይሆንባት› አለኝ።»

ያን ዕለት ማታውን የሣጥኑን ፎቶ ለአየር መንገዱ ጭነት ክፍል ላከች። ሐሙስ ጠዋት መልሱ በስልክ መጣ። ሠራተኛዋ ደግ ናት፤ በሐዘኗም አጽናናቻት። ሣጥኑ ግን አየር የሚያስገባው በበሩ በኩል ብቻ ነው፤ በአራቱም ጎን ቀዳዳ ከሌለው አይጫንም። ምስማርን የሚያህል ውሻ የሚችል የተዘጋጀ ሣጥን ደግሞ ከተማው ውስጥ እስከ ቅዳሜ አይገኝም።

ሐኪሙ በስልክ ይህን ሲሰማ ተናደደ። «ነግሬው ነበር! ‹ቀዳዳውን እንዳትረሳ› ብዬ ነግሬው ነበር። ‹ልጄ ሰማይ ላይ በረዶ ነው ብላኛለች› ብሎ አፌን አስያዘኝ።»

ብላዋለች። «ውጪው በረዶ ነው አባዬ፣ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው» ብላ፣ ካፖርቱን እንዲወደው ብርዱን አጋንና ነግራዋለች። አውሮፕላን ገብቶ የማያውቅ አናጺ ደግሞ በሚያውቀው መንገድ መከተው። መጋጠሚያውን ሁሉ በማጣበቂያ ሞልቶ፣ ከውስጥ ሱፍ ለጥፎ፣ ነፋስ ቀርቶ መርፌ የማያስገባ ሣጥን ሠራ።

ሣጥኑ ይበሳ ሲባል ቤቱ ለሁለት ተከፈለ ማለት አይቻልም፤ ሁሉም በአንድ ወገን ነበር። አክስትየዋ የወንድሟን የመጨረሻ ሥራ ብረት አይነካውም አለች። ሾፌሩ ሣጥኑ ለመታሰቢያ ይቀመጥ፣ ውሻውን እኔ እወስዳለሁ አሉ። ለቅሶ ደራሹም ራሱን ነቀነቀ። ልጅቱም እጇ የሚታዘዝላት አልመሰላትም።

ዓርብ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ሣጥኑ ፊት ተንበረከከች። ምስማር ውስጡ ተኝቶ ያለከልካል። ጭንቅላቷን በበሩ አስገባች። ውስጡ ይሞቃል፤ የማጣበቂያው ሽታ ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህ ውሻ እዚህ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዓት ሊቆይ ነው፤ ካልሆነም ዕድሜውን ገመድ ላይ ሊጨርስ ነው። ተነሥታ ከጓሮ ካለው ወርክሾፕ የእጅ መሰርሰሪያውን ይዛ መጣች፤ ውሻውንም ጠርታ አወጣችው።

አክስቷ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። ልጅቱ ሳትዞር፣ «አንድ ቃል እንኳ አትነግሪኝም?» አለቻት። ሦስት ቀን አፏ ላይ የነበረው ይህ ነው።

«አስምሎኝ ነው ልጄ። ማልኩለት እንጂ አንድም እሁድ ተኝቼ አላደርኩም» አለች አክስቷ። መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሣጥኑን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችላት። «ይነቃነቃል። ግፊ።»

ልጅቱ መሰርሰሪያውን አስደግፋ ማዞር ጀመረች። እንጨቱ ጠንካራ ነው። ዱቄቱ ጉልበቷ ላይ እየረገፈ ቆየና ብረቱ በድንገት ሱፉን በስቶ ዘለቀ። አውጥታ አየችው። ቀዳዳው ጠማማ ነው፤ ጫፉም ተፈልጧል።

ልጅ ሳለች እንዲህ ስታጣምም አባቷ ምላሱን ጠቅ ያደርግና፣ ሳይቆጣ፣ መሣሪያውን ከእጇ ይቀበላት ነበር። እጇ ሳታዝዘው ወደ ኋላ ተዘረጋ፤ መሰርሰሪያውን እንደያዘ ቆየ። አክስቷ አየቻትና ቀና ማለት አቃታት። የሚቀበል አልመጣም። ልጅቱ እጇን መለሰች፣ እፍ ብላ ዱቄቱን አባረረች፣ ሁለተኛውን ቀዳዳ ጀመረች።