መገንጠያው ላይ የቆመው ሰው

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሳሎናችን መስኮት ሥር ወንበር አስጠግቶ፣ ፊት ለፊት ባለው መንገድ የሚያልፉትን አውቶቡሶች መቆጣጠር ያዘ። «ይሄ ስድስት ደቂቃ ዘግይቷል» ይላል። «የዚህኛውን ደግሞ ማርሽ አቀያየሩን ስማው፤ ጠጠር የሚፈጭ ነው የሚመስለው።» ልቡን ካመመው ወዲህ ሐኪሙ በየቀኑ ተንቀሳቀስ ብሎታል፤ እሱ ግን ከወንበሩ እስከ መኝታ ቤቱ ያለው መንገድ በቂ እንቅስቃሴ ነው ብሎ ይከራከራል።

የተራራ ብስክሌት የጀመርኩት ለእሱ ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። የጀመርኩት ለራሴ ነው። የምሠራው መሬት መለኪያ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ካርታ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ የተራሮችን ከፍታ በመስመር ስስል እውላለሁ፤ ከተራሮቹ ግን አንዱንም ረግጬው አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ወደ ቢሮ የምመላለስበት ብስክሌት ተንፍሶብኝ ጎሚስታ ቤት ወሰድኩት። ጎሚስታው፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ጥቁር የሆነ ሰፊ ሰው፣ ጎማዬን እያገላበጠ አየው።

«ይሄ ጎማ ጥርስ አለው» አለኝ። «ጥርስ ያለውን ነገር አስፋልት ላይ ማመላለስ ግፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ና።»

ሄድኩ። ዘጠኝ ሰዎች ብስክሌታቸውን ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆመዋል። የዚያን ቀን ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፤ ሦስተኛው እሾህ ውስጥ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ልብስ ሰፊ ጎትታ አወጣችኝና ከወገብ በታች ያለሁበትን ሁኔታ አየት አድርጋ፣ «አይዞህ፣ ሱሪውን እሰፋልሃለሁ፤ ለሥጋው ግን ሌላ ሰው ፈልግ» አለችኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲሰሙ ደግሞ ጭራሽ መሳቂያ ሆንኩ። «እሾሁን ካርታው ላይ አላየኸውም?» እያሉ ሲስቁ ዋሉ። ስሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ካርታ» ሆኖ ቀረ።

በሦስተኛው ሳምንት ጭቃ ለብሼ ስገባ አባቴ ዓይኑን ከመስኮቱ ነቀለ።

«የት ላይ ነው የምትወድቀው?»

«መታጠፊያ ላይ።»

«ፍሬን የምትይዘው መቼ ነው?»

«መታጠፊያው ውስጥ ስገባ።»

እጁን በብስጭት አወናጨፈ። «ከመታጠፊያው በፊት ነው እንጂ! ቀድመህ ትይዝና ስትገባ ትለቃለህ። ውስጡ ገብተህ ከያዝክማ ተሳፋሪው ሁሉ እላይህ ላይ ነው የሚወድቀው።»

ተሳፋሪ የለኝም ብዬ አልተከራከርኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳለው አደረግኩ፤ አልወደቅሁም። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ «እስቲ ላየው» ብሎ ተከትሎኝ መጣ። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ቆሞ፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ በስሙ ሳይሆን በጥፋቱ እየጠራ ሲያርም አረፈደ። ጎሚስታው ሱቁ ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ የኖረ አንድ አሮጌ ብስክሌት አውርዶ፣ ሰፊ ኮርቻ ገጠመለትና ለአባቴ አስረከበው።

ታላቅ እህቴ ስትሰማ ስልኩ እስኪግል ጮኸችብኝ። «አባዬን ገደል ልትከተው ነው?» ቃል ገባሁላት። የልብ መድኃኒቱም ስልኩም እኔ ቦርሳ ውስጥ ይሆናሉ፤ እሱም ከዓይኔ አይርቅም አልኳት። «ከዓይኔ አይርቅም ያልከውን ጽፌ ይዤዋለሁ» አለችኝ።

እዚህ ላይ የማኅበራችንን ደንብ መናገር አለብኝ። መገንጠያ በደረስን ቁጥር ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው እዚያው ይቆማል። እሱን ምሰሶ እንለዋለን። ምሰሶው ለሚመጣው ሁሉ ትክክለኛውን መንገድ ያሳያል። የመጨረሻው ሰው ጭራ ይባላል፤ ልብስ ሰፊዋ የሰፋችውን ብርቱካንማ ሰደርያ የሚለብሰው እሱ ነው። ጭራው ሲደርስ የምሰሶውን መዳፍ በመዳፉ ይመታል። ምሰሶው ከቦታው የሚነቃነቀው ያኔ ብቻ ነው። የመዳፉ ነገር ለእኔ የልጆች ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ሰውየውን ካየሁት በቃ፣ ማጨብጨቡ ምን ይጨምራል እል ነበር፤ በልቤ።

አባቴ በስድስተኛ ቅዳሜው ጭራ ሆኖ ተመደበ። «ቀስ ይላሉ፣ ሰው ጥለው አይሄዱም፤ ከዚህ የተሻለ ጭራ ከየት ይመጣል?» አለ ጎሚስታው። አባቴ ሰደርያውን ዓርብ ማታ ቤት ወስዶ እንደ ደንብ ልብሱ አጥቦ ተኮሰው።

ቅዳሜ ጠዋት ተራራው ላይ ጉም ወረደ። ሸንተረሩ ላይ ስናርፍ ልብስ ሰፊዋ በስስ ሸሚዝ መምጣቷን ሁላችንም አየን። «የአገሩን ልብስ ሰፍታ የራሷን ረሳች» ተባለ፤ ሳቅን፤ ተነሣን። ጎሚስታው ቀደመ፣ እኔ ተከተልኩት፤ መገንጠያው ላይ ምሰሶ ሆንኩ።

የቀኙ መንገድ ቁልቁል ወደ ጥዶቹ ይወስዳል። የግራው ወደ ድሮው የድንጋይ ካባ ነው፤ መጨረሻው አጥር የሌለው ገደል ነው። «ቀኝ! ቀኝ!» እያልኩ ሰባት ሰዎች አሳለፍኩ። ከዚያ ማንም አልመጣም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ላቤ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ። የሌሎቹ ድምፅ ከታች ጠፋ። ኋላ ቀርቼ፣ «ካርታ መንገድ ጠፋው» ሊሉኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ ብርቱካንማ ነገር ብቅ አለ፤ ሃምሳ እርምጃ ያህል ይርቃል።

«ቀኝ ነው አባዬ!» ብዬ ጮህኩና ፔዳሉን ረገጥኩ። ከኋላዬ የሆነ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ነፋሱ ነው ብዬ ወረድኩ።

ጥዶቹ ሥር ሁሉም ቆመው ውሃ ይጠጣሉ። ብዙ ሳይቆይ ብርቱካንማው ሰደርያ ከኋላዬ ደረሰ። የለበሰችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

«ምን ነካህ? ጠራሁህ እኮ!» አለችኝ እያለከለከች። «ልደርስብህ ብዬ አንገቴ ሊሰበር!»

«አባዬ የታለ?»

«ከኋላ ናቸው። ስንቀጠቀጥ አይተው ሰደርያውን አውልቀው ሰጡኝ፤ ‹እኔ ወፍራም ነኝ፣ አይበርደኝም› ብለው። ከዚያ ካቴናቸው ወለቀ። ‹ሂጂ ልጄ፣ እደርሳለሁ› አሉኝ።»

ጎሚስታው የውሃ ኮዳውን ዘጋ። «መገንጠያው ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም» አልኩ።

«መዳፍህን ነክተውሃል?»

መዳፌን አየሁት። ያላየሁት ፊት፣ ያልነካሁት እጅ፣ አጥር የሌለው ገደል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። መድኃኒቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ስልኩም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ደግሞም የአባቴ የግራ ጆሮ በደንብ አይሰማም፤ የአውቶቡሱ ሞተር ለሠላሳ አንድ ዓመት ጮኾበታል።

ብስክሌታችንን እዚያው ጥለን በእግር ሽቅብ ወጣን፤ ጎሚስታው፣ እኔና ልብስ ሰፊዋ። አትምጪ ብንላት፣ «ሰደርያውን በእጄ ነው የማስረክባቸው» ብላ እንቢ አለች፤ ጎሚስታው ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት። በብስክሌት አሥር ደቂቃ የወረድነው ቁልቁለት አርባ ደቂቃ ወሰደብን። በየመታጠፊያው «አባዬ!» እላለሁ። ጎሚስታው ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያፏጫል። ከጉሙ የሚመለስልን ነገር የለም።

በመሃል ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የአባቴ ስልክ ጮኸ። «አለቃ» ይላል። እህቴን የመዘገባት በዚህ ስም ነው። ምን እላታለሁ? ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሰደርያውን መቀበል አልነበረብኝም።»

ጥፋቱን በፍትሕ ለማካፈል ሞከርኩ። እውነት ነው፣ እሱም ማውለቅ አልነበረበትም፤ እሷም መልበስ አልነበረባትም። ግን መዳፌን ዘርግቼ ሃምሳ እርምጃ ብጠብቅ ኖሮ ፊቷን አያለሁ፤ ፊቷን ካየሁ እጠይቃለሁ። የሁለቱ ስህተት ደግነት ነው። የኔ ብርድና ይሉኝታ ነው። የቱንም ያህል ባከፋፍለው ትልቁ ድርሻ ወደ እኔ ይመለስ ነበር።

«የጥፋቱን ሂሳብ ታች እንሠራዋለን» አለ ጎሚስታው። «አሁን ውጡ።»

ከመገንጠያው በታች ያለው የመጨረሻው ዳገት ላይ መሬት መሬት እያየሁ ነበር የምሄደው። የጎማ ዱካ ወደ ግራ ታጥፎ ባየው ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት የቆመ ብስክሌት ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው። በግራው መንገድ አፍ ላይ፣ እግሩን አንፈራጦ፣ ጀርባውን ለካባው ሰጥቶ ቆሟል። እጁን ወደ ቀኙ መንገድ ቀስሯል።

«ቀኝ ነው!» ብሎ ጮኸብን። ከዚያ አወቀን። «እናንተ ደግሞ ምን ሆናችሁ ከታች ትመጣላችሁ?»

መንገዱ መሃል ቁጭ አልኩ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ መለየት አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ቆሜያለሁ!» አለ። ጺሙ ላይ የጉም ጠብታ ተንጠልጥሏል። «ካቴናዬን መልሼ ስመጣ ምሰሶ የለም። ልጄ ቦታውን በከንቱ አይለቅም አልኩ። የሆነ ሰው ወድቆ፣ እሱን ሊረዳ በሆነ አቋራጭ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው አልኩ። ታዲያ የወደቀው ሰው ሲመጣ ማን ያሳየዋል? ጉሙ ደግሞ እንደምታየው ነው። ቆምኩ።»

«ስንጠራህ አልሰማህም?»

«በዚህ ጆሮ?» አለና የግራ ጆሮውን በጣቱ መታ።

ልጄ ቦታውን በከንቱ አይለቅም። ዝም ብዬ ብወርድ ማንም አይፈርድብኝም ነበር፤ እሱ ያመነውን አምኖ ይኖራል። ግን ለአንድ ሰዓት ብርድ ላይ ያቆመው ያ እምነት ነው።

«የወደቀ ሰው የለም አባዬ» አልኩት። «ሰደርያውን አየሁና አንተ መስለኸኝ ሄድኩ። መዳፍ አልጠበቅሁም።»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ፤ ከሰደርያው ላይ ጃኬት ደርባ የቆመችውን አየ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«እኔስ ብሆን?» አለ። «የመኪናዬን ታርጋ ፈትቼ ለሌላ መኪና ሰጥቼ፣ ሰው እንዴት አላወቀኝም ልል ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳ ሰው!» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ግን ሁለተኛ።»

«ሁለተኛ አይለምደኝም።»

«ውሃ ስጠኝ።»

መድኃኒቱን አውጥቼ ሰጠሁት፤ በውሃ ዋጠው። ጎሚስታው እጁን ይዞ የልብ ምቱን እንደሚያውቅ ሰው ቆጠረና፣ «ከኔ የተሻሉ ናቸው» አለ። «እኔ ነኝ መድኃኒት የሚያስፈልገኝ።» ያኔ ሳቁ መጣ። ሳቁ ከሁላችንም ሆድ የወጣ፣ ለማቆም የሚያስቸግር ሳቅ ነበር፤ ጉሙ ባይኖር ጥዶቹ ድረስ ይሰማ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ሰደርያውን አውልቃ በሁለት እጇ አስረከበችው። አባቴ ለብሶ፣ አንገትጌውን አስተካክሎ፣ እስከ ላይ ቆለፈው። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ቦርሳዬን ከፍቼ አቀበልኩት። ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም አይቶ ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠጋው።

«አቤት አለቃ... ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ እኮ አልኩሽ... አለ፣ እዚህ አጠገቤ ነው... ብዙ አላወራም ልጄ፣ በኋላ እደውላለሁ። ሥራ ላይ ነኝ።»

ዘጋው። ሥራ ላይ ነኝ ሲል ከሰማሁት ሁለት ዓመት ሆኖታል።

የብስክሌቱን እጀታ ያዘ። «ቅደሙ» አለን።

«አባዬ፣ አብረን እንውረድ፤ እኔ ልግፋልህ...»

«ጭራ ነኝ አይደል? ጭራ ከማን ፊት ይሄዳል? ቅደሙ!» ጎሚስታውና ልብስ ሰፊዋ ቀደሙ። እኔ መገንጠያው ላይ ቆምኩ። አባቴ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ፤ ሁለት እርምጃ ነበር የሚርቀው፤ መዳፌን ዘርግቼ ጠበቅሁት። ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ መታኝ። ጣቶቼ ተቃጠሉ።

ወደ ታች ስንወርድ በየመሃሉ ዞር እያልኩ አየዋለሁ። «ፊት ፊትህን እይ» ይለኛል፤ «መስታወት ማየት የሹፌር ሥራ ነው።» ስለዚህ ማየቱን ተውኩት። የሚገፋው ብስክሌት የኋላ ጎማ ቲክ ቲክ ቲክ ይላል፤ እስከ ጥዶቹ ድረስ ያ ድምፅ ከኋላዬ አልተለየኝም።