እንኳን ደስ አለህ፣ ይገባሃል

ባሌ ሥራ ከፈታ ወዲህ የሰው ሹመት ጠባቂ ሆኗል። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን አንስቶ ባለሙያዎች ሥራና ሹመታቸውን የሚለጥፉበት የኢንተርኔት መገናኛ ውስጥ ይገባል። እገሌ የክፍል ኃላፊ ሆነ፤ «እንኳን ደስ አለህ!» እገሊት ሥልጠና ጨረሰች፤ «እንኳን ደስ አለሽ!» እኔ ጫማዬን እያጠለቅኩ እሱ የማያውቀውን ሰው ይመርቃል። መድኃኒት ቤት ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ እግሬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ስመለስም እዚያው ሶፋ ላይ፣ እዚያው ምርቃት ላይ አገኘዋለሁ።

«ለመሆኑ ለአንተ የሚሆን ክፍት ቦታ አይተህ ታውቃለህ?» እለዋለሁ።

«ኧረ ምኑን! ይኸው ሰው ሁሉ እያደገ ነው» ይለኛል። ድምፁ ከእኔ እግር ይብስ ደክሟል።

ባሌ የሊፍት ቴክኒሻን ነው። ብዙ ዓመት የሠራው ከጓደኛው ከረጅሙ ጋር ነው፤ ረጅሙ የምንለው በራችንን ጎንበስ ሳይል ስለማያልፍ ነው። አንዱ ላይ ሞተሩ ጋ፣ ሌላው ታች ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ሲሠሩ፣ ላይ ያለው ጮክ ብሎ ሳይጠራና ታች ያለው ሳይመልስለት ማብሪያውን አይነካም። እንዲህ ነፍሳቸውን ተማምነው የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ረጅሙ ቀድሞ አንድ ትልቅ ሆቴል ጥገና ክፍል ገባ። ስለዚህ ባሌን ከሥራ ሲቀንሱት ተስፋው ሁሉ እሱ ላይ ነበር። «ይደውላል፤ እሱ እኔን አይጥለኝም» እያለ ከረመ። ረጅሙ ግን ድምፁ ጠፋ። ባሌንም ኩራቱ አላስደውል አለው። አንድ ቀን «ትልቅ ቤት ገብቶ ረሳኝ» አለና ከዚያ በኋላ ስሙን ማንሳት ተወ። እኔማ ረጅሙን በሆዴ ስረግመው ነው የከረምኩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልብስ አጣጥፌ ስጨርስ ትዕግሥቴም አብሮ አለቀ። አጠገቡ ተቀመጥኩና «አምጣው ስልኩን» አልኩት። መድኃኒት ቤት ያለችው ገንዘብ ያዣችን ነግራኛለች፤ ይሄ ገጽ ሰው የሚነካውን እያየ ነው የሚያቀርብለት።

«አየህ፣ የሰው ሹመት በነካህ ቁጥር ሌላ ሹመት ይጨምርልሃል። ራስህ ነህ የምትቀልበው።»

«ታዲያ ሰው ደስታውን ሲነግረኝ ዝም ብዬ ልለፈው? ነውር አይደለም እንዴ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አንዳቸውንም አታውቃቸውም!»

«ባላውቃቸውስ?»

መንገድ ላይም እንዲሁ ነው፤ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሰላም ሳይል አያልፍም። መገናኛውም ይህን ጠባዩን ነቅቶበት ከየጽሑፉ ሥር «እንኳን ደስ አለህ! ይገባሃል!» የሚል የተዘጋጀ ቃል ይደቅንለታል። ጣት ማሳረፍ ብቻ ነው።

ሥራ ጀመርን። ስለ ማለዳ መነሳት የሚሰብከውን መከተል ትተን አሰናበትነው። በየሳምንቱ ወድቆ በየሳምንቱ ትምህርት የሚቀስመውንም አሰናበትነው። ባሌ በእያንዳንዱ «ይቅር በለኝ ወንድሜ» ይላል፣ ሰውየው የሚሰማው ይመስል። በእነሱ ምትክ የሊፍት ድርጅቶችንና የጥገና ሰዎችን እየፈለግን መከተል ያዝን። ጥቂት ቆይቶ ገጹ መልኩን ለወጠ፤ የሳሳ የብረት ገመድ፣ የተበላ ፍሬን፣ አልዘጋ ስላለ የሊፍት በር የሚጨቃጨቁ ሰዎች። ባሌ ከተጋደመበት ቀና አለ። «ይሄኛውማ ፍሬኑ አይደለም» እያለ ብቻውን ሲያወራ ስሰማው ደስ አለኝ። አንድ የሥራ ማስታወቂያም አገኘንና አስቀመጥነው።

ከዚያ ገጹ ላይ ረጅሙ መጣ። ከረባት አስሮ ፈገግ ያለበት ፎቶ ነው፤ ከላዩ «አዲስ ምዕራፍ ጀምሬያለሁ» ይላል።

«እሱንም አሰናብቺው» አለ ባሌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

ደስ እያለኝ ልነካው ነበር። ነገረኛ ነኝና ግን መጀመሪያ ምን እንደተኩራራ ልይ ብዬ «ተጨማሪ» የሚለውን ከፈትኩትና ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ሆቴሉ የጥገና ክፍሉን ስለዘጋ ከሥራ ወጥቻለሁ። የልጆች አባት ነኝ፤ የተገኘውን እሠራለሁ። የምታውቁኝ ሁሉ እባካችሁ አስታውሱኝ።» ቀኑን ሳየው፣ የተጻፈው ባሌ ገና ሥራ ላይ እያለ ነው። ከሥሩ አንድ መልስ ብቻ አለ፤ የባሌ። «እንኳን ደስ አለህ! ይገባሃል!»

ስልኩን ከእጄ ወስዶ እሱም አነበበው።

«ፎቶውን አየሁት» አለ። «ከረባቱን አየሁና...»

የጓደኛውን ድምፅ ሳይሰማ ማብሪያ ነክቶ የማያውቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቀረ። አንጀቴን በላው። በረጅሙ ላይ ያወረድኩት እርግማን ሁሉ አሳፈረኝ። ሆቴል የሚባል ተስፋም እንደሌለን የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው።

ባሌ ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ብዙ ጠራ።

«አቤት» አለ ረጅሙ በደረቁ። «ዛሬ ደግሞ ለምኑ ነው ደስ የሚለኝ?»

«ሳላነበው ነው» አለ ባሌ። «እናቴ ትሙት፣ ሳላነበው ነው የነካሁት።»

ከወዲያ በኩል የሚሰማው የሚፈስ ቧንቧ ብቻ ነበር። ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ።

«አንተስ፣ ሥራ እንዴት ነው?» አለ ረጅሙ።

«የለም። ቀነሱኝ።»

ረጅሙ ረጋ ብሎ «እንኳን ደስ አለህ» አለው። «ይገባሃል።»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም። ባሌ ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ፤ ስልኩ ውስጥ ረጅሙ እያሳለ ይስቃል። ባሌ ሥራ ከፈታ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። መሃል ላይ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞርበት ሳይ፣ ያጣጠፍኩትን ልብስ መልሼ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«ና በቃ» አለው ረጅሙ። «ቤት ነኝ፤ የት እሄዳለሁ?»

ባሌ ጃኬቱን አንጠልጥሎ ወጣ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ነው የሄደው።