የይልቃል ባትሪ

«ቁጭ በይ አልኩሽ እኮ!»

ወዳጇ ትርንጎ የዓለምወርቅን በሁለት ትከሻዋ ይዛ መልሳ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት። ከጠዋት ጀምሮ ይሄ አራተኛው ነው። «ሐዘንተኛ ከመቀመጫው አይነሳም። ምን ጎደለሽ? ውሃ ነው? ኧረ ውሃ አምጡላት!»

ውሃ መጣላት። የዓለምወርቅ የፈለገችው ግን ውሃ አልነበረም። ጥጉ ላይ ያለውን የዓሣ ገንዳና ከሥሩ የተቀመጠችውን ጥቁር ሣጥን ጠጋ ብላ ማየት ነበር የፈለገችው። በለቀስተኛው እግር መሃል አሻግራ ስታይ የሣጥኗ መብራት ቢጫ ሆኗል። ሰኞ ዕለት አረንጓዴ እንደነበረ ታስታውሳለች። ቢጫ ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም። ባሏ ሊያስረዳት በሞከረ ቁጥር «ለዓሣ ብለህ ነው ይሄ ሁሉ?» እያለች ወደ ጓዳ ትገባ ነበር።

ይልቃል የሞተው ሰኞ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ። ቀብሩ ገና ነው። እዚህ በስደት አገር ሬሳም ቀጠሮ ይጠብቃል፣ ለመጪው ማክሰኞ ተብሏል። እስከዚያ ድረስ ሮምሶስ የሚባለው ሰፈር ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሁለት ክፍል ቤታቸው ለቅሶ ቤት ሆናለች። ወንዶቹ ሶፋውን ምድር ቤት ወዳለው ቦድ፣ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው፣ አውርደው ፍራሽ ዘረጉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ትርንጎ ታዛለች። ማዮርስቱን ሰፈር ተቀጥራ የምታጸዳውን ቢሮ ሌሊት ተነስታ አጽድታ፣ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ መጥታ፣ እስኪመሽ ወገቧን ሳታሳርፍ ታስተናግዳለች። ደግ ሴት ናት። ደግነቷ ግን ጥያቄ አይወድም።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ያን የዕድር ማኅበሩን ትልቅ የሻይ ማፍያ የምትሰካበት ቦታ ብታጣ፣ ገንዳው ሥር ያለውን አንዱን ሶኬት ነቀል አድርጋ ሰካችው። ሣጥኗ ወዲያው ጲ... ጲ... እያለች መጮኽ ጀመረች። «በሐዘን ቤት ምን ይጮኻል፣ ነውር ነው!» አለችና ቁልፏን ተጭና ዝም አሰኘቻት። የገንዳው ውሃ እንደ ወትሮው መንቀሳቀሱን ስላልተወ ማንም ልብ አላለም። ሣጥኗ ግን ከግድግዳው የምታገኘው ቀርቶባት፣ ለክፉ ቀን ያጠራቀመችውን መብላት ጀምራ ነበር። የዓለምወርቅ ያኔ መኝታ ቤት ተኝታ ስለነበር አላየችም።

«ትርንጎዬ፣» አለች አሁን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺ የዓሣዎቹ ባትሪ... ነገ መብራት ስለሚጠፋ አንድ ሰው ቢያያት...»

ለቀስተኛው ወደ እሷ ዞረ።

«ውሃው ሲንቀሳቀስ አይታይሽም? ይሠራል!» አለች ትርንጎ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ። «የኔ እህት፣ በባልሽ ለቅሶ ስለ ዓሣ ስታወሪ ሰው ምን ይልሻል?»

ሰውማ ማለት ጀምሯል። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሹክሹክታቸው ሹክሹክታ መሆኑን ረስተውታል።

«አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም እኮ።»

«ኤዲያ! ለዓሣው ግን ስትጨነቅ አየሻት?»

የዓለምወርቅ ሰማች። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች፤ ያን ቀን ስለ ባትሪው ዳግመኛ አላነሳችም።

እንባ አለመውጣቱስ እውነት ነው። እሁድ ማታ ሆስፒታል ይልቃል አፉ ላይ ያለውን የኦክስጅን ጭንብል በእጁ ገለጥ ሲያደርግ፣ ሊሰናበተኝ ነው ብላ ጆሮዋን ወደ ከንፈሩ አስጠግታ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ልጅ አልሰጣቸውም፤ እሱም ስለ ፍቅር ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ለዚህች ሰዓት አንድ ቃል አያጣም ብላ ነበር።

«ሐሙስ መብራት ይጠፋል፣» አላት እያቃተተ። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። የሕንጻውን ገመድ ሊቀይሩ ነው፣ የነዋሪዎቹ ማኅበር፣ ቦሬትስላጉ፣ ወረቀት ለጥፏል። ባትሪውን አደራ። አየር እንዳያጡ።»

«እሺ። ሌላስ?»

«አደራ፣» አለ ደግሞ፣ ጭንብሉን መለሰ። በማግስቱ ከሥራ ጠርተዋት ስትደርስ አልቆየላትም። ለሁለት ዓሣ የተረፈ ትንፋሽ ለእኔ ጠፋ? ይሄ ንዴት እንባዋን ከለከላት።

ሁለቱ ዓሣዎች አውራ ጣት የማያክሉ፣ ብርቱካንማ መልክ ላይ ነጭ መቀነት የታጠቁ የባሕር ዓሣዎች ናቸው። ትልቁ ነህምያ፣ ትንሹ አብርሽ ይባላል፤ ስም ያወጣላቸው ይልቃል ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የሕንጻ ጥገና ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ ገንዳው ጋ ሄዶ ጨውና ሙቀት ይለካል። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ ሶኬቱን በገዛ እጁ ይነቅልና፣ ባትሪው መሥራቱን ሰዓቱን ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ያያል። ያን ጊዜ ብታናግረውም አይሰማም። «ምን ሆነሃል ሰውዬ?» ስትለው «ባሕር ኃይል ያሳደገው እንዲህ ነው» ብሎ ይስቃል። ስለ ምጽዋና ስለ ባሕር ኃይል የሚያወራላት የሚያስቀውን ብቻ ነበር። እሷም ከሳቁ በስተጀርባ ምን አለ ብላ ጠይቃው አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ባህታ ከቬስትሊ ሰፈር በባቡር መጡ። የይልቃል የድሮ ወዳጅ ናቸው። ምጽዋ ወደብ ላይ በያጅ ነበሩ፤ አገር ለሁለት ሲከፈል እንኳ ሁለቱ አልተከፈሉም። ጫማቸውን አውልቀው፣ ነፍስ ይማር ብለው አጠገቧ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ሦስት ሰዓት። ውጭ በረዶው እየወረደ ስለነበር ቤቱ ውስጥ የቀረው ብርሃን ግራጫ ነው። ማቀዝቀዣው ጸጥ አለ። የገንዳው ሞተር ግን ያው ይሠራል።

«አየሽ? ይሄው!» አለች ትርንጎ በድል። «እኔ ምን አልኩሽ?»

የዓለምወርቅ አየች። የሣጥኗ መብራት ቀይ ሆኗል። ሊያሟት የተዘጋጁ ዓይኖች ግን ዙሪያዋን አሉ፤ ፈራቻቸው።

«እነዚያ ናቸው ዓሣዎቹ?» አሉ ጋሽ ባህታ። «በስልክ ሁሌ ያወራልኝ ነበር።»

«አዎ፣ ጋሼ። ትልቁ ነህምያ ነው። ትንሹ አብርሽ።»

ሽማግሌው ክው አሉ። «ማን? እስቲ ድገሚልኝ።» ደገመችላቸው። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ወይ ይልቃል! ይሄን ሁሉ ዓመት! ስማቸውን ለእኔም አልነገረኝም ነበር እኮ። አንቺም አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

እሳቸው ነገሯት። ይልቃል በሃያ አንድ ዓመቱ የአንዲት አሮጌ መርከብ የመብራት ሠራተኛ ነበር፤ የመጠባበቂያው ባትሪ በእሱ እጅ ነው። አንድ ቀን አለቃው «ለድግስ ሙዚቃ እንፈልገዋለን» ብሎ ባትሪውን ወደ የብስ አስወሰደው። በዚያው ቀን ሁለት መርከበኞች ከታች የውሃ ታንከር ውስጥ ገብተው ቀለም ይቀባሉ፤ አየር የሚያስገባላቸው አንድ ማራገቢያ ነው። የመርከቧ ሞተር ጠፋ። ማራገቢያውም ቆመ። መጠባበቂያ የለም።

«የታንከሩ ክዳን አልከፈት ስላለ ብረቱን እንድበጥስ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ፣» አሉ ጋሽ ባህታ። «ስንከፍተው ተቃቅፈው ነበር። አንደኛው ነህምያ ነው። ያ ትንሹ፣ አሥራ ዘጠኝ እንኳ ያልሞላው፣ አብርሽ። ይልቃል ሦስት ቀን አልተናገረም። ከዚያ በኋላ አልሰጥም ማለት ነበረብኝ ይል ነበር፣ ሌላ ነገር የለውም። አልሰጥም ማለት ነበረብኝ።»

የዓለምወርቅ እሁድ ማታ የሰማችው ቃል አሁን በሌላ ድምፅ መጣባት። አየር እንዳያጡ። ሰውየው ሚስቱን ዘንግቶ ስለ ዓሣ አላወራም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ብቻውን የተሸከመውን አውርዶ እሷ እጅ ላይ ነበር ያስቀመጠው። ከእሷ ሌላ የሚያምነው ሰው ስለሌለው።

ልትነሳ እጇን ፍራሹ ላይ ስትጭን የገንዳው ሞተር እር... ር... ብሎ ቆመ።

ውሃው ቀጥ አለ። ሣጥኗ ላይ መብራት የሚባል ነገር የለም።

«ቁጭ በ...» አለች ትርንጎ።

«ልቀቂኝ!»

በሦስት ቀን ውስጥ ከእሷ የወጣ የመጀመሪያው ጩኸት ነበር። ለቀስተኛውን እየገፋች አልፋ ገንዳው ሥር ተንበረከከች። ገመዱን ስትከተል ሶኬቱ ባዶውን ወለል ላይ ተጋድሟል፤ ቦታው ላይ የሻይ ማፍያው ተሰክቷል። ትርንጎ ከኋላዋ ደርሳ አየች።

«ሞት ይርሳኝ! እኔ ነኝ የነቀልኩት! የዓለም፣ እኔ ነኝ!»

«ሁለታችንም ነን፣» አለች የዓለምወርቅ። «ቢጫ ሲሆን አይቼ ዝም ብያለሁ።»

ገና ሦስት ሰዓት ተኩል አልሞላም። ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ ነው። ከለቀስተኞቹ አንዱ ባትሪ ፍለጋ ስቶቭነር ወዳሉት ሱቆች ሄደ፣ የሚሆን አጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጋሽ ባህታ ግን መላ አላጡም። «በጣሳ ቅጂና ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺው። ውሃ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። ብቻ እንዳታቋርጪ።» የዓለምወርቅ ከጓዳ የፕላስቲክ ጣሳ አምጥታ ጀመረች። መቅዳት፣ ከፍ ማድረግ፣ ማፍሰስ። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ትርንጎ የይልቃልን ጋቢ አምጥታ ገንዳውን ዙሪያውን ጠቀለለችው።

ክንዷ ሲዝል ትርንጎ ተቀበለቻት። ከትርንጎ ወንዶቹ ተቀበሉ። ከዚያም እነዚያ በሩ አጠገብ የነበሩት ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሚወድቅ ውሃ ብቻ ነው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አብርሽ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ ይከድን ጀመር። ከዚያ ሚዛኑን ስቶ ወደ ጎኑ ተጋደመና ቀስ ብሎ ከድንጋዩ ኋላ ወረደ። ጉንጩ ሥር ያለው የሚተነፍስበት ስንጥቅ አንዴ ይከፈታል፣ ቆይቶ ደግሞ አንዴ።

«ስጡኝ!» ብላ የዓለምወርቅ ጣሳውን ነጠቀቻቸው። «አብርሽ! አይዞህ! አብርሽዬ!» ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣው። «ይልቃልዬ! ለምን አልነገርከኝም? እኔ አልጠይቅ፣ አንተ አትናገር! ብቻህን! ብቻህን እኮ ነው የተሸከምከው!» እያለች ታለቅሳለች፣ እየቀዳችም ታፈስሳለች። ቤቱ በሙሉ አብሯት አለቀሰ፤ ማንም ግን ተቀመጪ አላላትም።

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል መብራቱ መጣ። ትርንጎ አስቀድማ ሶኬቱን ከቦታው መልሳው ስለነበር ሞተሩ ተንተፋተፈና ተነሳ፣ ውሃው መዞር ጀመረ። ነህምያ ከጥጉ ወጥቶ ወደ ድንጋዩ ሄደ። አብርሽ አልተነሳም። ይሙት፣ ይኑር የሚያውቅ የለም።

«በቃ፣ የኔ እህት፣ መጥቷል እኮ፣» አለች ትርንጎ በለሆሳስ።

«ተዪያት፣» አሉ ጋሽ ባህታ።

የዓለምወርቅ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። ጣሳውን ሞላች፣ ከፍ አደረገች፣ ከድንጋዩ በላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ከዚያ ደግማ ቀዳች።