ከቴሌቪዥኑ ጀርባ

«ከፎቅ ነው የመጣብን!» አለች የጩጬው ታላቅ እህት፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ከምድር ቤቱ ክሊኒኳ በር ላይ ሆና። «በሽተኛዬ አፉን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል። የኮምፒውተሩ ቀስት ማንም ሳይነካው የበሽተኞቼን ፋይል እያገላበጠ ይከፍታል። በዓይኔ ነው ያየሁት!»

«ያንቺ ሠራተኞች ያገኙትን ሁሉ እየከፈቱ በእኔ ይላከካል?» አለ ቪዲዮ አቀናባሪው ታላቅ ወንድሙ፣ ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ። «በመሃላችን አጥር አለ፣ እታለም። የሠራው እሱ ነው፤ ጠይቂው።»

ሁለቱም ወደ ታናሻቸው ዞሩ። ጢም ካወጣ ዓመታት ቢያልፉም፣ በዚህ ቤት ውስጥ ዛሬም «ጩጬው» ነው።

አጥሩን የሠራው በእርግጥም እሱ ነበር። ቤቱ ያለው አንድ የኢንተርኔት መስመር ስለሆነ፣ ከደረጃው ሥር ባስቀመጣት፣ መግቢያ መውጫውን በምትቆጣጠር ፋየርዎል የምትባል ሣጥን ለሁለት ከፈለው፤ ምድር ቤቱ ለክሊኒኩ፣ ፎቁ ለወንድሙና ለእናታቸው። ሁለቱም ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ አንዱ ወደ ሌላው ግን አይሻገርም። ሲያስረክባቸው «ወፍ አያልፍም» ብሎ ፎክሮም ነበር።

«እኔ የሰው ምስጢር ነው የያዝኩት» አለች እህቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ካልተገኘ የወንድምህ ገመድ ይነቀላል። ዕቃውንም ሸክፎ ይውጣልኝ።»

ጩጬው ዋናውን መስመር ነቀለና ፍተሻውን ጀመረ። የፋየርዎሏ ቅንብር እንደተወው ነው፤ አንድም ነገር አልተነካም። የወንድሙን ኮምፒውተር ሲከፍት ግን ሌባውን አገኘው። ወንድሙ በነፃ ያወረደው የማቀናበሪያ ፕሮግራም፣ ሥር ሰዶ ለውጭ ሰው በር ከፍቷል።

ወንድሙ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እሺ፣ በእኔ ገባ። ግን ወደ ታች በየት ወረደ?»

ጩጬውንም ያላበው ይኸው ነበር። ተመልሶ የክሊኒኩ ገመዶች በሚገናኙበት ስዊች ፊት ተንበረከከ። ለክሊኒኩ የዘረጋው ገመድ ሁሉ ሰማያዊ ነው። ከሰማያዊዎቹ መሃል አንድ የማያውቀው ግራጫ ገመድ ተሰክቷል። በእጁ እየዳሰሰ ተከተለው። በመስኮቱ ወጥቶ፣ የውጭውን ግድግዳ ታክኮ ሽቅብ ይሄዳል። መጨረሻው እናቱ ክፍል ሆነ።

እናቱ በኢንተርኔት የምታየው ድራማዋ ተቋርጦባት ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች። ከጀርባው፣ በፕላስተር የተለጠፈች አንዲት ትንሽ ስዊች አገኘ። ግራጫው ገመድ እሷ ላይ ተሰክቷል፤ ከወንድሙ ክፍል የመጣ ሌላ ገመድም አጠገቡ። ከደረጃው ሥር በአጥር የለያቸው ሁለቱ ወገኖች፣ እዚህ ተገናኝተው ከርመዋል።

«እማዬ፣ ይሄን ማን ሰካው?»

«ይሄኛውን ወንድምህ፤ ድራማዬ እንዳይቆራረጥ ብሎ። አሁንም ቢቆራረጥብኝ ጊዜ እህትህ ‹የሱ ምን ይረባል፣ ከኔ አስገባልሻለሁ› ብላ ያኛውን በመስኮት አመጣችው። እንዳትነግሪው ብላኝ ነበር።»

ሁለቱ ታላላቆቹ ተከትለውት መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። እህቱ ሳታወልቀው የመጣችውን ጓንት ጣት በጣት ትጎትት ጀመር። ወንድሙ ጣሪያውን ያያል።

«እንግዲህ አንዱ መነቀል አለበት» አለ ጩጬው።

«የእሱን!»

«የእሷን!»

በአንድ አፍ ነበር ያሉት። ጩጬው አንዱን ገመድ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጁ እንደያዘ ወደ እናቱ ቀና አለ።

እናቱ ሪሞቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ታች የምትባባሉትን ያልሰማሁ መሰላችሁ?» አለች። «ሁለቱንም ንቀልልኝ። ከዚህ ቤት የሚወጣው ገመዱ ብቻ ነው።»