የፌሊዝሚና ሁለት ወንበሮች

...ሰንሰለቱን እንኳ ያውቀዋል፣ ትራክተር ጭቃ ውስጥ ሲቀር የሚጎትቱበት ነው፣ ዛሬ የድሮው ትምህርት ቤት በር ላይ ተጠምጥሟል፣ የቁልፉ ቀዳዳ ደግሞ ማጣበቂያ ተሞልቷል፣ አይ የቫሌ ዴ ኡርዜ ሰው፣ ሲያኮርፍም ጠንቅቆ ነው። የምርጫ ቀን፣ ድምፅ የሚሰጠውም እዚሁ ነው። አልባኖ ሴይሻስ፣ የፓርላማ አባል፣ ዘንድሮም ተወዳዳሪ፣ መታወቂያውን እንደያዘ በተወለደበት መንደር ቆሞ የተዘጋ በር ያያል። አይናደድም፣ ደክሞታል፣ ንዴትም እኮ አቅም ይጠይቃል።

ሴቶቹ ከየቤታቸው ባመጡት ወንበር በሩ ፊት ተደርድረዋል፣ እግራቸው ሥር ማንደጃ፣ ጭናቸው ላይ ዳቦና ቋሊማ፣ መሃል ላይ እናቱ ፌሊዝሚና። እናቱ! ከጎኗ አንድ ባዶ ወንበር፣ ለእኔ ይሆናል፣ ምንም ቢሆን እናት ናት፣ አንጀቷ አይችልም።

ምነው አልባኖ፣ መንገድ ጠፋህ? ይላሉ ጎረቤቷ እትዬ ኤርሜሊንዳ፣ በቴሌቪዥን ብቻ ስናይህ፣ ወፍረሃል እኮ! ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እናቱ አትስቅም።

ሐኪም። ሌላ ምን ጠየቁ? በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ሐኪም፣ የተዘጋችው ጤና ጣቢያ እንድትከፈት፣ እሱም እዚሁ በር ላይ ቆሞ አስከፍታለሁ፣ በእናቴ እምላለሁ ብሎ፣ ተጨብጭቦለት፣ ከዚያ ሊዝበን፣ ኮሚቴ፣ ሌላ ኮሚቴ፣ የፓርቲው ሰው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ አልባኖ፣ ጊዜው አይደለም፣ ለሚቀጥለው በጀት፣ እሺ፣ እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነው። በጀቱ ያለ ሐኪም ጸደቀ። እሱም ለድጋፍ እጁን አውጥቷል። በዚያው ክረምት አባቱ በጎረቤት መኪና፣ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ክቡርነትዎ፣ ይቆረጥ? ፖሊሱ ቴልሞ ነው፣ የብረት መቁረጫ ይዞ፣ ማንኛውም ዜጋ ድምፅ ከመስጠት ሊከለከል እንደማይችል በሕግ የተደነገገ በመሆኑ፣ ሕጉን ያወጣነው እኛው፣ አንድ ቃል ይበቃዋል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ከፓርቲው ይሆናል፣ አስከፍት እንጂ ሰውዬ! ያለፈው ጊዜ ከአውራጃው በጣት በሚቆጠር ድምፅ ነው ያለፈው፣ ድምፁም የዚህ መንደር ነበር፣ ዛሬ ይህ በር ካልተከፈተ አለቀለት።

እማዬ፣ ተነሺ፣ ይበርድሻል።

የበረደኝስ ያኔ፣ በዚያ ክረምት ነው።

ቢበዛ ምርጫው በሳምንቱ ይደገማል እኮ፣ ምን ትርፍ አለው?

በሳምንቱም ወንበሬን ይዤ እመጣለሁ።

ብቻ ልቀመጥ፣ ትንሽ ልቀመጥ፣ ወደ ባዶው ወንበር ዝቅ ሲል እናቱ መዳፏን ቀድማ ታስቀምጥበታለች።

የአባትህ ነው። አንተ የራስህን ከቤት አምጣ።

ሁሉም ሰምቷል፣ ይቁረጠው፣ አዎ፣ ይቁረጠውና ገብቼ መርጬ ልሂድ፣ አፉን ይከፍታል፣ ተወው ቴልሞ፣ አለ እንዴ? ብሏል። ተወው።

የእናቱ ቤት ክፍት ነው፣ ተቆልፎ አያውቅም። ማድቤቱ ውስጥ የቀረች አንዲት ወንበር፣ ፊደል የቆጠረባት፣ አባቱ በእጁ የሠራለት፣ የሕፃን። ትልልቅ ሰዎች መሃል ይህችን ይዞ? ይስቁበት። ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይመለሳል፣ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጥቀጥ፣ ከባዶው ወንበር ወዲህ አኑሯት ይቀመጣል፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ማንም አይስቅም።

ክቡርነትዎ? ይላል ቴልሞ ግራ ገብቶት።

ክቡርነታቸው ተቀምጠዋል፣ አታይም? ይላሉ እትዬ ኤርሜሊንዳ።

እናቱ ዳቦ ቆርሳ ሳታየው ታቀብለዋለች። ያኛው እጇ ከባዶው ወንበር ላይ አልተነሳም።