«ለጊዜው» የተዘጋችው መስመር

ፕሮፌሰሩ ክፍል ሲገባ እንኳን ተማሪው ወንበሩም ቀጥ ብሎ ይቀመጣል ይባል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጮኸው አንድ ነገር ነው፦ ኮምፒውተር «ጽፌአለሁ» ሲል አትመኑት። የጻፈው ገና ሜሞሪ ላይ ነው፤ መብራት ከሄደ ድራሹ ይጠፋል። ዲስኩ ላይ ማረፉን ሳታረጋግጡ «ተቀምጧል» ብላችሁ ለሰው እንዳትነግሩ። ይህቺን ማረጋገጫ የዘለለ ተማሪ ቢያለቅስም ባያለቅስም ዜሮውን ታቅፎ ይሄዳል። ተማሪዎቹም «አረጋግጥ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት፤ ሰውዬው ደስ ሳይለው አልቀረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ተማሪው ቢሮው መጣች። ሆስፒታል ውስጥ የሕሙማን መዝገብ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር የምትጠብቀው እሷ ናት። ከስታለች፤ ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችም። አንዲት ነርስ አንዲት አራስ የማይስማማትን መድኃኒት፣ እንዳይሰጣት ብላ መዝግባ፣ «ተቀምጧል» የሚለውን አይታ ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሲመለስ የተጻፈው የለም። ተተኪው ተረኛ ያንኑ መድኃኒት ወጋት፤ አራሷ ሞተች። አሁን ጥፋቱ ኮምፒውተሩን በምትጠብቀው በዚህችው ልጅ ላይ ሊላከክ ነው። መባረር ብቻ ቢሆን ደግ፣ ክስም ይጠብቃታል። መዝገቡ የሚሠራበት ፕሮግራም ከፕሮፌሰሩ ምርምር የወጣ ነውና ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ እንዲመሰክርላት ለመነችው።

እሷ እንደወጣች በሩን ቆልፎ የፕሮግራሙን ኮድ ከፈተ። ብዙ መፈለግ አላስፈለገውም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ፕሮግራሙ ፈጣን ነው እንዲባል፣ ያቺን የማረጋገጫ መስመር እንዳትሠራ በገዛ እጁ ዘግቶ አጠገቧ «ለጊዜው» ብሎ ጽፏል። መልሶ ሳይከፍታት ረሳት። ጥናቱ ተሸለመ፣ እሱም ፕሮፌሰር ተባለ።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ሲጠይቀው «ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አለ። አይ ሰው! ድምፁ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው።

«መስመሯን እርስዎ ጋ ከመምጣቴ በፊት አይቻታለሁ፣ ጋሼ።»

ለምን እንዳልተናገረች በስንት መከራ ጠየቃት።

«እኔን ማን ያምነኛል? ራሷን ልታድን ነው ይሉኛል። የሚታመነው የእርስዎ ቃል ነው።» ወደ ስብሰባው በር ዞረች። «ይናገራሉ ብዬ ነበር።»

የኮሚቴውን ውሳኔ ልትሰማ ገባች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር፤ ተከትሏት ገብቶ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይበቃ ነበር። አንድ እርምጃ ተራመደም። ከዚያ ሰዓቱን አየና ክፍል እንዳለው ትዝ አለው።

ያን ቀን ፈተና አረመ። ማረጋገጫዋን የዘለሉ ሦስት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሦስቱንም ዜሮ ሰጣቸው።