ነበር የሌለው ፈረንሳይኛ

ሀኪማ «ይበላ ነበር» ማለት ሲገባት «ይበላል» አለች፤ ነገር የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ሰውየው የመጣው ዓርብ ከሰላት በኋላ፣ ካርቲየ 4 ሰፈር በሙቀት ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ፖሊስ ነኝ አላለም፤ አይደለሁምም አላለም። በለሰለሰ ፈረንሳይኛ ረምዚን ጠየቀ። ናዒማ ከጓዳ እስክትወጣ አክስቷ ሀኪማ መልሳ ጨርሳለች።

«ኢል ማንዥ ኢሲ፣ ቫንድረዲ።» ዓርብ ዓርብ እዚህ ይበላል።

ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ዛሬም ዓርብ ነው። እጠብቀዋለሁ።»

ናዒማ ወደ አክስቷ ተጠጋች። ወንድሟ ረምዚ ወደብ ላይ ማየት የሌለበትን አይቶ ከተሸሸገ ሰነባብቷል። አክስቷ ይህን አታውቅም፤ አፏ አያርፍምና «ሥራ አግኝቶ ቤት ቀየረ» ብለው ሸንግለዋታል።

«ምንድነው ያልሽው?» አለቻት በአማርኛ።

«እውነቱን! ይበላ ነበር አልኩት።»

«ይበላል ነው ያልሽው!»

«አቦ አታካብጂ! የነሱን ‹ነበር› ፈልጌ አጣሁታ!»

በአማርኛ «ነበር» ከኋላ ትቀጠልና ነገሩ ያልፋል። ሀኪማ ከገበያ በለቀመችው ፈረንሳይኛ ግን ምንም ነገር አያልፍም፤ የሞተው ባሏ እንኳ ዛሬም ሽቶ ይሸጣል።

ናዒማ ወደ ሰውየው ዞረች። «ሙስዬ፣ ‹ማንዥ› ሳይሆን ‹ማንዤ› ለማለት ነው። ይበላ ነበር። ድሮ።» የመጨረሻዋን ፊደል ረገጥ አደረገቻት።

ሰውየው ፈገግ አለ። «ገባኝ፣ ማድሟዜል። ድሮ እዚህ ይበላ ነበር። አሁንሳ?»

ያለፈውን ስታቃና የአሁኑን ጥያቄ ራሷ እንደጠራችው ያኔ ገባት።

«አላውቅም» አለች።

«እንዴት አታውቂም?» ሀኪማ ሳቀች። «ትናንት ሳምቡሳ የላክሁለት የት ሆነና!»

«አክስቴ፣ በአላህ ዝም በይ።»

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ሰውየው ጨዋ ነው፤ ልጁን ፈልጎ በዚህ ፀሐይ መጥቷል።» ቀና ብላ፣ እንደ ተማሪ ቃል በቃል እየለየች ነገረችው፦ «ኢል አቢት ካርቲየ ሰት ቢስ። ሼ ባሺር፣ ለ ታየር።» ካርቲየ 7 ቢስ ይኖራል፤ ልብስ ሰፊው ባሺር ቤት።

ግሱም ጊዜውም ልክ ነበር።

«ትሬ ቢየን፣ ማዳም» ብሎ አሞገሳት ሰውየው። ሀኪማ ደስ አላት። እሱ ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ ናዒማን አየት አደረጋት፣ ወጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።